ሮዙ ሃይላንድ

ሰበታ ላይ የጅማን መንገድ ይዘው ከተደረደሩት የመለዋወጫ ሱቆች መካከል የሐጂ ሱሩር ሱቅ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በፍሬን ሸራው ጥራትና በልጃቸው በሚንሃ ምላስ። የፍሬን ሸራው መኪና ያቆማል፤ የሚንሃ ምላስ ሰው ያቆማል።

ሚንሃ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም፤ እሷ ግን "አልመጣልኝም" አትልም፣ "እኔ አልሄድኩለትም" ነው የምትለው። ኮሌጅ የገቡት ጓደኞቿ ማስታወሻ ሲገለብጡ እሷ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ የመኪና መመሪያ መጽሐፍ ታነብ ነበር። የአውሮፓ መኪና ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ከዳሽቦርዱ ኪስ መጽሐፉን አውጥቶ ለአንድ ቀን ካላዋሳት የጠየቀው ዕቃ ቶሎ አይገኝለትም። ጀርመንኛውን በስልኳ እያስተረጎመች፣ ያልገባትን እየዘለለች፣ የዘለለችውን ሌላ ቀን ተመልሳ እየያዘች፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ሞላች። የትኛው መኪና የትኛውን የሞተር ዘይት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛውን የሞተር ማቀዝቀዣ ኩላንት እንደሚጠጣ፣ የትኛው መኪና መቼ መጥቶ ምን እንደሆነ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል።

ኩላንት ላይ ለምን እንዲህ ችክ እንደምትል ለጠየቃት መልሷ አጭር ነው።

"ዘይት ሲያልቅ ሞተሩ ይጮሃል። ኩላንት ሲበላሽ ግን ውስጥ ውስጡን በልቶ ነው የሚገድልህ። እኔ ዝምተኛ ነገር አልወድም።"

የሰበታ ሹፌር ደግሞ ኩላንት የሚገዛው በቀለም ነው። መጋረጃ የሚመርጥ ይመስል "አረንጓዴ አለ?" ብሎ ይመጣል። ሙሉ ጋሎን የሚገዛውም ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው አንድ ሁለት ሊትር ይበቃዋል። ስለዚህ ሱቆቹ ከበርሜል ወደ ባዶ የውሃ ሃይላንድ እየቀዱ መደርደሪያ ላይ ይሰቅሉታል፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ። ከሩቅ ላየው ጁስ ቤት ይመስላል። አንዴ ሃይላንድ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሆነ የሚናገርለት ጽሑፍ የለም፤ የቀረው ቀለሙ ብቻ ነው። ቀለም ደግሞ ፋብሪካው ደስ ያለውን የሚጨምረው ነገር ነው። አንዱ ሮዝ ያደረገውን ሌላው አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ማንም አይከለክለውም።

"ቀለም ለጥፍር ነው" ትላለች ሚንሃ። "ለሞተር ጽሑፍ ነው የሚነበበው።"

ስለዚህ የራሷን ሕግ አወጣች። የአውሮፓ መኪና ኩላንት በታሸገ ጋሎን ይሸጣል እንጂ ሃይላንድ ውስጥ አይቀዳም።

ሐጂ ሱሩር ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ባንኮኒውን ለማን እንደሚያስረክቡ ሲያስቡ ከርመዋል። ወንድ ልጅ የላቸውም። ሱሉልታ ላይ መጋረጃና ምንጣፍ የሚሸጥ የህያ የሚባል የወንድማቸው ልጅ አለ፤ ጨዋ፣ አፉ የለሰለሰ፣ ለደንበኛ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ "ለየህያ ይስጡት" ይላል። ሚንሃ በበኩሏ አባቷን ወትውታ አሥራ ሁለት ጋሎን የአውሮፓ መኪና ኩላንት ከመርካቶ አስመጥታለች። በመጨረሻ አባትየው ቁርጡን ነገሯት።

"እስከ አረፋ ባንኮኒው ያንቺ ነው። እስከዚያ ድረስ 'ከናንተ ሱቅ በገዛሁት ነገር መኪናዬ ተበላሸ' የሚል ሰው ካልመጣብኝ ለዘለቄታው ያንቺ ይሆናል። አንድ ሰው ከመጣ ግን የየህያ ነው።" ከዚያ የሚወዱትን ተረት ጨመሩ። "ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።"

"የተወለድኩት እኮ እኔ ነኝ፣ አባ።"

"አውቃለሁ" አሉ ሐጂ ሱሩር።

አረፋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ዱባለ ጎልፉን እየነዳ መጣ። ዱባለ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ሰበታ እየኖረ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላይ የልስንና የቀለም ሥራ የሚያሠራ ፎርማን። በቀን ስድስት ታክሲ መቀያየር ሲያንገሸግሸው ያችን አሮጌ ቮልስዋገን ገዛ። አሁን ዳገት ባየች ቁጥር መሞቅ ጀምራለች።

ከሱቁ ጎን፣ በሐጂ ሱሩር ግቢ ውስጥ ጋራዥ የያዘው መካኒክ ኢብሮ ኮፈኑን ከፍቶ አየ። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ግማሹ ዝገት፣ ግማሹ የቧንቧ ውሃ ነበር።

"አረንጓዴ አርግባት፣ ትበርዳለች" አለ ኢብሮ። "ሃያ ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ሳደርግ በእጄ የሞተ መኪና የለም።"

"የለም?" አለች ሚንሃ ከባንኮኒው ወጥታ። "ግቢህ ውስጥ ሣር የበቀለበት መኪና ታዲያ እንቅልፍ ወስዶት ነው?"

"እሱ ባለቤቱ ጠፍቶ ነው!"

"መኪናውን አይቶ ነዋ የጠፋው።"

ዱባለ ሳቁን ለመያዝ ወደ መንገዱ ዞረ። ሚንሃ ጎንበስ ብላ ከማጠራቀሚያው አጠገብ ያለውን ግማሹ የተላጠ ወረቀት በጣቷ ጠረገችና አነበበች። ከዚያ ደብተሯን ገለጠች።

"ጂ አሥራ ሁለት የሚባለውን ኩላንት ነው የሚላት። ሌላ ነገር አትጠጣም።"

"ጀርመን ከሆነች ቢራ ነዋ የምትጠጣው" አለ ኢብሮ።

"አስተግፊሩላህ በል፣ ጁምዓ ነው። ይልቅ አሮጌውን አውጥተህ እጠባት። ሦስት ጊዜ። የመጨረሻውን ባትሪ ቤት በሚሸጠው የተጣራ ውሃ። ቆሜ ነው የምቆጥርልህ።"

ቆማ ቆጠረች። ኢብሮ እያጉረመረመም ቢሆን ሥራውን በደንብ ሠራ፤ ሦስተኛው ውሃ እንደገባው ጠርቶ ወጣ። ባለ አራት ሊትሩ ጋሎን ተከፈተ፣ ሙሉው ተንቆርቁሮ ገባ፣ አልበቃም። ሁለት ሊትር ያህል ይጎድላል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሌላ ጋሎን ቢከፈት ግማሹ ይተርፋል፤ የተከፈተ ጋሎን ደግሞ ሰበታ ላይ ማንም አይገዛም። የጁምዓ አዛን ብሏል። ሐጂ ሱሩር የሱቁን በር ግማሹን ዘግተው ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ቆመዋል።

"ሚንሃ! ኹጥባው ሊያመልጠኝ ነው!"

"መጣሁ አባ!"

ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አየች። ሮዝ ነው። አነሳችና ወደ ብርሃን አዙራ፣ ጋሎኑ ታች ከቀረችው ጠብታ ጋር አስተያየችው። አንድ ዓይነት ነው። አባቷ ባለፈው ሳምንት ሃይላንድ ሲሞሉ ነበር፤ ከእሷው ጋሎን አንዱን ከፍተው ቀድተውት ይሆናል ብላ አሰበች። ቁልፉ ድጋሚ ተንቃጨለ። ሰጠችው። ኢብሮ ጨመረው።

ዱባለ ሞተሩን ሲያስነሳ በመስኮቱ አንገቷን አስገባች።

"ስማኝ ዱባለ። ቀይ መብራት ከበራ እዚያው ቁም። 'ቤቴ ቅርብ ነው፣ ትንሽ ናት' እንዳትለኝ። ሙሽራ ጭነህ ቢሆን እንኳ ሙሽራዋን በእግሯ ሸኛት፣ ሞተሩን አጥፋ።"

"እሺ እሺ፣ ኧረ መስኮቱን ልቀቂልኝ።"

በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ሐጂ ሱሩር ጆሯቸው ደከም ስላለ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት፤ ሚንሃም ኢብሮም ሰሙ።

"ሐጂ፣ ዱባለ ነኝ። ከቡራዩ አለፍ ብሎ ገፈርሳ አጠገብ ቆሜያለሁ። መኪናዋ ፈላች።"

"ምን ሆና?"

"እኔ ምኑን አውቄ! ሲበርድ ክዳኑን ብከፍተው ውስጡ ቡላ ገንፎ ሆኗል። ልክ የእናቴ ቡላ፣ ቀለሙ ብቻ ቡና የመሰለ። ከናንተ ዘንድ የተጨመረው ነው እንግዲህ።"

ሐጂ ሱሩር ስልኩን ዘግተው ቀስ ብለው ወደ ኢብሮ ዞሩ።

"አጥበሃት ነበር?"

"ወላሂ ሦስት ጊዜ!"

"ሞተሩ ሆድ ውስጥ አሮጌው ቀርቶ ነዋ!" አለች ሚንሃ፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ራዲያተሩን ብቻ አጥቦ ሞተሩን ትቶታል።"

"ቆመሽ ስትቆጥሪ አልነበር እንዴ?"

"የቆጠርኩት ያየሁትን ነው። ያላየሁትን እንዴት ልቁጠር?"

ሐጂ ሱሩር እጃቸውን አነሱ። ድምፃቸው አልጨመረም፤ ሲቆጡ ጭራሽ ይቀንሳል።

"ኢብሮ፣ ዘንድሮ በሥራህ ሰው ሲመጣብኝ ይህ ሦስተኛ ነው። ታግሻለሁ። ግቢውን በወሩ መጨረሻ ልቀቅልኝ።"

ኢብሮ ዘወር ብሎ ወደ ጋራዡ ሄደ።

ሚንሃ ለዱባለ የሚሄድ አዲስ ጋሎን ልታወጣ ጓሮ ወዳለው መጋዘን ገባች። ከአሥራ ሁለቱ ስንት እንደቀረ ለማየት ቆጠረች። የሸጠቻቸው ሦስት፣ የቀሩት ዘጠኝ፤ ዘጠኙም እንደታሸጉ ናቸው። አባቷ አንዱንም አልከፈቱም።

ታዲያ ያ ሮዝ ሃይላንድ ከየት መጣ?

ጥግ ላይ አንድ ሰማያዊ በርሜል አለ። አባቷ ለሚኒባስ ሹፌሮች ብለው በቅርቡ ያስመጡት ነው፤ እሷ ዞር ብላም አላየችውም፣ "የአሮጌ መኪና ነገር" ብላ ንቃው ነበር። ክዳኑን ፈታችው። ውስጡ ሮዝ ነው፤ ያማረ፣ ንጹሕ ሮዝ። ዞራ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አነበበች። ለአሮጌ ሞተር የሚሆን፣ ሥሪቱ ከእሷው ጋሎን ጋር የማይገናኝ። ታች ላይ በደቃቅ ፊደል "ከሌላ ዓይነት ጋር አይደባለቅ" ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛውም ያንኑ ነው ያለው።

አራት ሊትር ከዚያኛው፣ ሁለት ሊትር ከዚህ። ቡላው የተገነፋው በእሷ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ሚንሃ ወዲያው ሮጣ ወጥታ ተናገረች ቢባል ደስ ባለ። አልሮጠችም። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና በርሜሉ ላይ ተቀመጠችበት። አረፋ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው። አባቷ ጥፋቱን የኢብሮ አድርገውታል፤ የእጅ ጥፋት እንጂ የዕቃ ጥፋት አይደለም፣ ስለዚህ ባንኮኒው አልተነካም። ከሳሽ ቢመጣ ደግሞ ማስረጃው በርሜሉ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው፤ በዚህ ሰፈር ያንን ጽሑፍ አጎንብሶ የሚያነብ ከእሷ በቀር የለም። ሦስት ዓመት ስትኮራበት የኖረችው ነገር ዛሬ መደበቂያዋ ሊሆን ነው።

በግድግዳው ማዶ ኢብሮ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሲጥል ይሰማታል። ካንግ። ካንግ። አሥራ አራት ቁጥሩን፣ አሥራ ሰባት ቁጥሩን። ያሳዘናት እሱ ነው ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም አናደዳት። ከሁሉ በላይ ያናደዳት ግን ደብተሩ ነበር። ዛሬ ማታ "ጎልፍ፣ ዱባለ" በሚለው ሥር ምን ብላ ትጽፋለች? "ኢብሮ ሳያጥብ ቀርቶ"? ደብተሩ ውስጥ እስከዛሬ አንድ ውሸት የለም። አንድ ከገባ የትኛውን ገጽ ልታምን ነው? ደግሞስ፣ በቀለም መርጣ፣ ያውም በቀለም፣ ከዚያ ማሸነፍ!

ተነሥታ ወጣች። አባቷ ፊት ቆመች።

"አባ፣ ኢብሮ አይደለም። እኔ ነኝ።"

"ምን አርገሽ?"

"የጎደለውን ከሃይላንዱ ሰጠሁት። ከሰማያዊው በርሜል የተቀዳ ነበር። ጽሑፉን አላየሁም። በቀለም መረጥኩ።"

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። የኢብሮ ጭንቅላት በበሩ ብቅ አለ።

"ምን አልሽ?"

"ሰምተሃል።"

"ወላሂ አልሰማሁም። ጆሮዬ ዘይት ገብቶበታል። ድገሚልኝ።"

"በቀለም መረጥኩ አልኩህ! ይብቃህ?"

"አይበቃኝም፣ ግን ለዛሬ ይሁን" አለ ኢብሮ።

"ሃይላንዱን የቀዳሁት እኔ ነኝ" አሉ ሐጂ ሱሩር። "የሰጠሽው ግን አንቺ ነሽ። ኢብሮ፣ ያልኩህን ትቼዋለሁ። ዕቃህን መልስ።" ከዚያ ልጃቸውን ሳያዩ ስልካቸውን አነሱ። "የህያ ማክሰኞ ይምጣ። ቃል ቃል ነው።"

ሚንሃ አልተከራከረችም። ይህም ለሰበታ አዲስ ነገር ነበር።

ከኢብሮ ጋር በጓደኛው አይሱዙ ገፈርሳ ደረሱ። ዱባለ ጎልፉን ባሕር ዛፉ ሥር አስጠግቶ ቆሟል፤ ሚስቱ ጣቢታ የመዘምራን ልብሷን ከጭቃው ሰብስባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

"ቀዩ እንደበራ ቆምኩ" አለ ዱባለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። "ከኋላ ሦስት መዘምራን ጭኛለሁ፣ ቸርቹ እዚያ ይታያል። 'ትንሽ ናት፣ አድርሰን' አሉኝ። ያንቺ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። በእግራቸው ሸኘኋቸው።"

"እኔንም ሊሸኘኝ ነበር፣ ጫማዬን አይቶ ነው የማረኝ" አለች ጣቢታ።

"ዱባለ" አለች ሚንሃ። ቶሎ ካልተናገረችው የማይወጣት መሰላት። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሃይላንዱ ውስጥ የነበረው ሌላ ዓይነት ነው። ሳላነብ በቀለሙ ሰጠሁህ።"

ዱባለ አያት፣ ኢብሮን አየ፣ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ጣቢታ፣ ሰማሽ? ሚንሃ ተሳሳተች!"

"ሃሌ ሉያ" አለች ጣቢታ፣ ያለ ምንም ክፋት።

ሚንሃን ከስድብ ሁሉ ይልቅ ይቺ ሃሌ ሉያ ጠዘጠዘቻት። ሚንሃ ግን ዋጠቻት።

"ሞተሩ ግን ይተርፋል?" አለ ዱባለ፣ ሳቁ ከፊቱ እየጠፋ። "እንጀራዬ እኮ ናት።"

"አላውቅም" አለች ሚንሃ። ኢብሮ ይህንን ቃል ከአፏ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ ምንም አልቀለደበትም።

ጎልፏ በገመድ ተጎትታ ሰበታ ገባች። ያን ከሰዓትና ሰኞን ሙሉ ኢብሮ ራዲያተሩን አውርዶ፣ ቱቦዎቹን ፈቶ፣ ቡላውን በሙቅ ውሃ እየገፋ አወጣ። ቱቦውን የያዘችው ሚንሃ ናት። መጽሐፍ ያልጻፈውን ብዙ ነገር እዚያ አየች፤ ከሞተሩ ሆድ ሥር የሚያቁረው ውሃ በየትኛው ቡሎን እንደሚወጣ፣ ቱቦውን እንዴት አድርገው ቢጨምቁት የተጣበቀው እንደሚለቅ።

"እንደዚያ አይደለም፣ ታች ጋ ያዢው" ይላል ኢብሮ።

"ይዣለሁ።"

"አልያዝሽም። ጥፍርሽን ነው የምትጠብቂ። ቀለም የለበት ምን ያሳዝንሻል?"

ስድስት ጊዜ ታጠበ። ከዚያ ሁለት ጋሎን፣ ሁለቱም ታሽገው መጥተው፣ እሷው ጽሑፋቸውን ጮክ ብላ ካነበበች በኋላ ተከፈቱ። የተረፈው ከነጋሎኑ የዱባለ መኪና ኋላ ተቀመጠ። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ኢብሮ እስከ ተጂ ነድቷት ተመለሰ። የሙቀቱ መርፌ ግማሽ ላይ ወጥታ እዚያው ቆማለች።

"የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ደህና ነው" አለ እጁን እየጠረገ። "ትንሽ ቢነዳት ኖሮ አልቆላት ነበር። ምላስሽ ነው ያተረፋት።"

"ያበላሻትስ?"

"ያበላሻትማ ዓይንሽ ነው።"

የህያ ሦስት ሰዓት ላይ ከሱሉልታ ደረሰ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ለአጎቱ ማር ይዞ፣ ለሚንሃም "እህቴ፣ አብረን እንሠራለን" ብሎ ከልቡ ነው የተናገረው። ሐጂ ሱሩር ቁልፉን ሰጥተው ባንኮኒው ኋላ አስቀመጡት። ራሳቸው በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ጉልበታቸውን ዘርግተው የዚክር መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሐቸውን፣ ያዙ። ሚንሃ የመደርደሪያውን ሃይላንዶች አንድ በአንድ እያወረደች በየሆዳቸው ፕላስተር ትለጥፋለች፤ ፕላስተሩ ላይ በወፍራም ማርከር የበርሜሉን ጽሑፍ ትገለብጣለች። ማንም አላዘዛትም።

ከተጂ እህል የሚያመላልሱት ኦቦ አማኑ ፔጆ መኪናቸውን በሩ ላይ አቆሙና ገቡ።

"ኦቦ አማኑ፣ አካም ጅርቱ?" አለች ሚንሃ ቀና ሳትል።

"ነጋ ዳ፣ ኢንተለ ኮ፤ ደህና ነኝ ልጄ። ይቺ መኪና ኩላንት ጠጥታ ጨረሰችብኝ።" ሚንሃን ሲጠብቁ የህያ ከባንኮኒው ኋላ ፈገግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው።

"ይቀመጡ አባቴ። ምን ዓይነት ቀለም ነበር የሚፈልጉት?"

የሚንሃ ማርከር ቆመች። ጥርሷ ሲገጥም ተሰማ።

"እኔ ምን አውቄ" አሉ ኦቦ አማኑ። "አሁን ያለው ብርቱካን መሰለኝ።"

"ብርቱካን እንኳ የለንም። ግን ቀዩ በጣም ይቀርበዋል" አለ የህያ፣ መጋረጃ ሲሸጥ በለመደው ለስላሳ ድምፅ። "ሲገባ ብዙም አይለይም።"

ሙስበሐው ቆመ።

"የህያ" አሉ ሐጂ ሱሩር።

"አቤት አጎቴ።"

"እስኪ ሄደህ ሻይ ጠጥተህ ና።"

"አሁን ጠጣሁ እኮ።"

"ድገም።"

የህያ ግራ ተጋብቶ ሚንሃን አየ፣ አጎቱን አየ፣ ከዚያ ሸሚዙን እያስተካከለ ወደ ሻይ ቤቱ ተሻገረ። ከግቢው ውስጥ የኢብሮ ድምፅ መጣ።

"ሐጂ! ከተናገሩት ከሚጠፋስ?"

"የተናገርኩት አልጠፋም" አሉ ሐጂ ሱሩር ሙስበሐቸውን መልሰው እየቆጠሩ። "ባንኮኒው የየህያ ነው። የህያ ደግሞ ሻይ እየጠጣ ነው።"

ሚንሃ ለማርከሯ ክዳኗን ገጠመችላት፣ ሰማያዊ ደብተሯን ከባንኮኒው ሥር አወጣች።

"ኦቦ አማኑ" አለች፣ "ኮፈኑን ይክፈቱልኝ።"